ውኃ ቶሎ የሚውጥ ግቢ፦ ከድሬዳዋ የአንድ ቤት ጉዳይ

ድሬዳዋ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ አፈሩ ብዙም አይጨነቅም። መሬቱ ደረቅ ነው። ዝናቡ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ክረምት አብጦ በጋ አፉን የሚከፍት ዋልካ በየሰፈሩ አይታይም። ስለዚህ ግንበኛው ጎረቤት የቆፈረውን ያህል ይቆፍራል። የጎረቤትን የሽንት ቤት ጉድጓድ ይደግማል። ሥራው ይቀጥላል።

ይህ ልማድ የት ላይ እንደሚያስቸግር በአንድ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። የቤተሰቡን ማንነትና ትክክለኛውን መንደር ትቼዋለሁ። ሳቢያን በኩል ነው ማለት ይበቃል። ሳቢያንን የጠቀስኩትም በምክንያት ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ግቢው 400 ካሬ ያህል ነው። አባት ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናት ጓሮ ይወዳሉ። ልጃቸው ጅቡቲ ይሠራል፤ ለአዲስ ቤት የሚሆን ገንዘብ እያጠራቀመ ይልካል። ከኋላ አሮጌ ሰርቪስ ቤት አለ፤ ሦስት ክፍልና አንድ ባኞ ቤት። ከፊት ባዶ ቦታ ነው። ሐሳቡ ከፊት አዲስ ቤት ማቆም፣ አዲስ ሴፕቲክ መቆፈር፣ በግንብ አጥሩ ጥግ ጥግ ፍራፍሬ መትከል ነበር። እኔ በሕንፃ ተቆጣጣሪነት የኖርኩ ሰው ነኝ። የጠሩኝ ግን ለአዲሱ ቤት አልነበረም። አሮጌው ቤት ተሰንጥቆባቸው ነው።

ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ይነሣል። የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ በደረጃ በደረጃ ወደ ባኞ ቤቱ ማዕዘን ይወጣል። ወደ ጣሪያው በቀረበ ቁጥር ይሰፋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም ቤተሰቡ ያንን ጠርጥሮ ነበር። መጠርጠራቸው አይገርምም፤ ያኔ ሁሉም ሰው ግድግዳውን ያይ ነበር። ነገር ግን መንቀጥቀጥ ቢሆን ሌላውም ግድግዳ ምልክት ባሳየ ነበር። እዚህ የተጎዳው አንድ ማዕዘን ብቻ ነው። ወደ አንድ ማዕዘን የሚወጣና ላይ ላይ የሚሰፋ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። ያ ማዕዘን ወደ ታች እየሰመጠ ነው።

ከበታቹ ምን አለ? ማንም አያውቅም። ግንበኛው ደግሞ አዲሱን ሴፕቲክ እዚያው ማዕዘን አጠገብ ሊቆፍር ምልክት አድርጎ ጨርሷል። 4 ሜትር ጥልቀት፣ ዙሪያው ደረቅ ድንጋይ፣ ታቹ ክፍት። "ድሬ አሸዋ ነው አቦ! ሁሉንም ውጦ ያስቀረዋል" አለኝ። "ጎረቤቱን ተመልከት። ስንት ዓመቱ! አንድ ቀን መኪና አምጥቶ አስመጥጦ አያውቅም።"

ጥሩ ግንበኛ ነው። ብሎኬቱ ቀጥ ያለ ነው፤ አርማታው አይቦረቦርም። ይህን የምለው ሐሳቡ የግዴለሽ ሰው ሐሳብ ስላልሆነ ነው። ከተማው በሙሉ የሚያስበው እንደዚሁ ነው።

እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። ከመሠረቱ በፊት የሙከራ ጉድጓድ እንቆፍር። አባትየው አልወደዱትም። "ገንዘቡ ለቤቱ ነው የመጣው፤ ለጉድጓድ አይደለም" አሉ። ልክ ናቸው፣ ገንዘቡ በልጃቸው ላብ የመጣ ነው። ነገር ግን ወጪው የሁለት የቀን ሠራተኞች ጉልበት ነው። አንድ የተሳሳተ ሴፕቲክ ለማፍረስ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። ልጃቸው ከጅቡቲ ደውሎ "ይቆፈር" ሲል ነገሩ አለቀ።

ዶማ ከማንሣታችን በፊት ግን ሰው ጠየቅን። ይህ ክፍያ የለውም፤ ብዙ ጊዜም ከሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። በመንደሩ ከቆዩት አንዲት እናት ግቢውን ሳይከለል ያውቁታል። ከኋላ በኩል ሰዎች ለግንባታ አሸዋና አፈር እየቆፈሩ ይወስዱበት የነበረ ሰፊ ጉድጓድ እንደነበረ ነገሩን። በኋላ ቆሻሻና ፍርስራሽ ተሞላበት። ከዚያ ቦታው ተለክቶ ተሰጠ። ሌላ ጎረቤት ደግሞ ከባድ ዝናብ ሲጥል ውኃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በእጁ አሳየን። ድሬ ላይ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከተማው ውስጥ አሸዋ ለብሶ የተኛ ደረቅ ወንዝ ሁሉ መንገዱን ያስታውሳል።

ከዚያ ቆፈርን። ሦስት ጉድጓድ፦ አንዱ አዲሱ ቤት የሚያርፍበት መሐል፣ አንዱ የተሰነጠቀው ማዕዘን አጠገብ፣ አንዱ እናትየው ዛፍ ሊተክሉ ባሰቡበት በኩል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስገባ። አሸዋማ መሬት ላይ ከደረት በላይ ቀጥ አድርጎ መቆፈር አደገኛ ነው። ጎኑ ያለማስጠንቀቂያ ይናዳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ጉድጓዶቹን በደረጃ እያሰፋን ነው የወረድነው። የወጣውንም አፈር ከአፉ አርቀን ነው ያከማቸነው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ እስከ 1.6 ሜትር ገደማ ድረስ ቀላ ያለ ደቃቅ አፈር አገኘን። ደረቅ ሲሆን በዶማ ጠንካራ ነው። ጓሉን ውኃ ውስጥ ስትጥለው ግን ወዲያው ይፈርሳል። ከሥሩ ድብልብል ጠጠርና ወፍራም አሸዋ መጣ። ጠጠሩ ውስጥ ግራጫ የኖራ ድንጋይ አለ፣ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ አለ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ከደቡብ በኩል ካለው ተራራ ጎርፍ ያወረደው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በተራራው ግርጌ ተቀምጣለች። ሐረርና ሐሮማያ ከላይ ናቸው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ወደ ሐረር መውጣት አቅቶት እዚህ የቆመው በዚያው ተራራ ምክንያት ነው። ያ ተራራ ለብዙ ሺህ ዓመታት አፈሩን ወደ ታች ሲያወርድ ኖሯል። ጎርፉ ሲበረታ ጠጠር ይጥላል፤ ሲደክም ደቃቁን ይጥላል። ነገ ደግሞ በሌላ መስመር ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ አሥር እርምጃ ራቅ ስትል አፈሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት የቆፈረውን መድገም የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉድጓድ ሽማግሌዋ ያሉትን አረጋገጠ። ፌስታል፣ የተሰበረ ብሎኬት፣ አመድ፣ አጥንት፣ የጫማ ሶል። ከ2 ሜትር በላይ ወረድን፤ አሁንም ሙሌት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዓይኔን የሳበው እርጥበቱ ነው። ሌላው ጉድጓድ አቧራ ሆኖ ሳለ ይሄኛው እጅ ላይ ይጣበቃል። ይሸታልም። የባኞ ቤቱ ፍሳሽ ቱቦ ከግድግዳው እንደወጣ መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ ከመሠረቱ ሥር ሲያንጠባጥብ እንደኖረ ማንም አላስተዋለም፤ መሬቱ ስለሚውጠው ላዩ ላይ ምንም አይታይም።

የስንጥቁ ምክንያት እንግዲህ ይኸው ነው። ልል ሆኖ የተሞላ አፈር ደረቅ እስከሆነ ድረስ ቤት ሊሸከም ይችላል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ። በመካከላቸው ብዙ ባዶ ቦታ አለ። ውኃ ሲገባ ያ ድጋፍ ይላላና አፈሩ ባለበት ይሰምጣል። ቤቱ አዲስ ክብደት አልተጨመረበትም፤ የተጨመረው ውኃ ነው። በሙሌት ብቻም አይደለም። ጎርፍ አምጥቶ ያስተኛው ደቃቅ አፈርም በደረቅ አገር እንደዚህ ዓይነት ጠባይ ሊኖረው ይችላል። ከመጀመሪያው ጉድጓድ የወጣው ጓል ውኃ ውስጥ ወዲያው መፍረሱ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። ሐሮማያ በኩል የሚኖር የአባትየው ዘመድ "ዋልካውን እስክታልፉ ቆፍሩ" ብሎ በስልክ መክሯቸው ነበር። ለእሱ ሜዳ ትክክለኛ ምክር ነው። እዚያ አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። እዚህ ግን ውኃ ሲጠጣ የሚሰምጥ ነው። ምክሩ ከቦታው ጋር ካልሄደ መልካም ምክርም ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦው ተቀየረ። ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ ጄሶ ለጠፍንና ቀን ጻፍንበት። ግድግዳው መንቀሳቀሱን ከቀጠለ ጄሶው ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ወዲያው በሲሚንቶ መድፈን ቤተሰቡን ያስደስት ነበር፤ ግን ምልክቱን ይደብቃል እንጂ ምክንያቱን አይነካም።

የሙሌቱ ዳር የት እንደሚያበቃ ደግሞ በዲጂኖ ፈለግነው። ሠራተኛው በየጥቂት እርምጃው እየመታ ሄደ። ሙሌት ላይ ዲጂኖው ይገባል፤ ነባሩ መሬት ላይ ይነጥራል። ዳሩን በኖራ መስመር ስንቀባው የአዲሱ ቤት የኋላ ማዕዘን ሙሌቱ ላይ እንደሚያርፍ ታወቀ። ግማሹ በጠጠር፣ ግማሹ በቆሻሻ ላይ የቆመ ቤት የት እንደሚሰነጠቅ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ሁለት አማራጭ ነበረን። ሙሌቱን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ ወይም ቤቱን ወደ መንገዱ መግፋት። ቤቱ 3 ሜትር ወደ ፊት ተገፋ። ይህ ምንም ወጪ የለውም። መሠረቱም 80 ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ ደቃቁን አልፎ ጠጠሩ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ተጨማሪ ድንጋይ በላ። አባትየው ሲቆጥሩት ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን ሁለተኛውን ጉድጓድ በዓይናቸው አይተው ስለነበር አልተከራከሩም።

ለወለሉ ሥር የሚሞላው ገረጋንቲ ላይ ከግንበኛው ጋር ረዘም ያለ ክርክር ነበረን። የተለመደው አንድ ሲኖትራክ ሙሉ ደፍቶ፣ በላዩ ውኃ ለቅቆ "ራሱ ይቀመጣል" ማለት ነው። ራሱ አይቀመጥም። ወይም የሚቀመጠው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው። 20 ሳንቲም 20 ሳንቲም እየተነጠፈ፣ በልክ እየረጠበ፣ እየተደመደመ መምጣት አለበት። ድሬ ፀሐይ ላይ ጠዋት የረጠበው እኩለ ቀን ሳይደርስ ይደርቃል። ስለዚህ ሥራው ማለዳ ተጀምሮ ረፋዱ ላይ እንዲቆም ተስማማን።

አሁን ወደ ሴፕቲኩ። ከዚህ ሁሉ ጉዳይ የሚከብደኝ ይህኛው ነው።

መሬቱ ውኃ እንዴት እንደሚቀበል ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፍሳሹ በሚገባበት ጥልቀት ላይ 30 ሳንቲም ስፋት ያላት ትንሽ ጉድጓድ ትቆፍራለህ። ጎኗን ትጭራለህ፤ ታቿ ላይ ትንሽ ጠጠር ታደርጋለህ። ውኃ ሞልተህ ሌሊቱን እንድትጠግብ ትተዋለህ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ደረቅ አፈር የመጀመሪያውን ባልዲ ሁልጊዜ በጉጉት ይጠጣል፣ ያ ግን እውነተኛ ጠባዩ አይደለም። በማግሥቱ እንደገና ሞልተህ ውኃው 2.5 ሳንቲም ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በማስመሪያ ትለካለህ። በብዙ አገር ልምድ ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀ መሬቱ ፍሳሽ አይቀበልም ይባላል። ከ1 ደቂቃ በታች ከሆነም ለተራ ማስረጊያ፣ ማለትም ፍሳሹ ወደ መሬት ለሚሰርግበት ቦታ፣ አይሆንም ይባላል።

ሁለት ቦታ ላይ ሞከርን። ደቃቁ አፈር ላይ 80 ሳንቲም ጥልቀት ውስጥ 20 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ጠጠሩ ላይ ግን ማስመሪያውን አስተካክለን ሳንጨርስ ውኃው አለቀ። እንደ ወንፊት ነው። ግንበኛው ሳቀ። "አላልኩህም?" አለ።

ብሎኝ ነበር፣ እውነት ነው። ጥያቄው ግን መሬቱ ይውጣል ወይ አይደለም። ከዋጠው በኋላ የት ያደርሰዋል ነው።

ድሬዳዋ የምትጠጣው ሐይቅ የላትም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም የላትም። የምትጠጣው ከመሬት ሥር ነው። ከዋና ዋናዎቹ የውኃ ጉድጓዶች መካከል ሳቢያን አካባቢ ያሉት ይገኙበታል። ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረርም ሳይቀር ከድሬዳዋ በኩል ካለው ድሬ ጃራ ውኃ እየተገፋላት ነው የምትጠጣው። ከእኛ እግር በታች ያለው ጠጠርና ከሥሩ ያለው ድንጋይ የሁለት ከተማ የውኃ እንስራ ባለበት አካባቢ ነው የሚገኘው። ከላይ ደግሞ በየግቢው ታቹ ክፍት የሆነ ጉድጓድ አለ።

ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ጀርምን ነው። ደቃቅ አፈር ጀርምን በማጣራት ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ ፍሳሹ ቀስ ብሎ ካለፈና በቂ ደረቅ አፈር ካገኘ። ጠጠርና ስንጥቅ ያለው የኖራ ድንጋይ ግን ጊዜ አይሰጥም። ሁለተኛው ችግር ናይትሬት ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አየር ባለው አሸዋማ መሬት ውስጥ ሲያልፍ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት አፈር ላይ አይጣበቅም። ከውኃው ጋር ይወርዳል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጣዕሙም አይታወቅም። ውኃውን ማፍላት አያጠፋውም፤ ሲተን ይበልጥ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ወሰኑ የተቀመጠው በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናት ነው። ከመጠን ሲያልፍ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል። በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱን ተመራማሪዎች ከአሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ ጽፈውታል። ከምክንያቶቹም ዋናው የየቤቱ ፍሳሽ ነው።

ስለዚህ "አንድ ቀን አስመጥጦ አያውቅም" የሚለው ወሬ ሲነገር እኔን ያስጨንቀኛል። ያ ሁሉ ዓመት የገባው ነገር ጠፍቶ አይደለም። ወርዶ ነው።

ይህን ለአባትየው በዚሁ ቋንቋ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "እኛ ብናቆም ሌላው አያቆምም" አሉ። ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። አንድ ግቢ የከተማውን ውኃ አያድንም። ጎረቤታቸው ነገም ያንኑ ጉድጓዱን ይጠቀማል። ነገር ግን ይህ ቤት ለ50 ዓመት የሚቆም ነው። የልጅ ልጆች ይወለዱበታል። ከቧንቧው የሚጠጡት ደግሞ ያንኑ ውኃ ነው። ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ከጠበቀ ማንም አይጀምርም። እናትየው ከባላቸው ቀድመው "እንደሱ ከሆነ በደንቡ ይሠራ" አሉ። ውሳኔው የእሳቸው ነው ማለት ይቻላል።

የተሠራው እንዲህ ነው። ታቹና ጎኑ በአርማታና በልስን የታሸገ ባለ ሁለት ክፍል ታንከር። ርዝመቱ 2.7 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 1.5 ሜትር፤ 4 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ለስምንት ሰው ታስቦ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል። መግቢያውና መውጫው ላይ ቲ (የT ቅርጽ ያለው የቱቦ መገጣጠሚያ) ተገጥሟል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባትና ከታች የሚዘቅጠው ዝቃጭ ወደ ውጭ እንዳይሄድ። ብዙ ቤት ይህችን ርካሽ ቲ ይዘላታል። ከዚያ ማስረጊያው ይደፈንና ሴፕቲክ አይሠራም ይባላል። መምጠጫ መኪናው በመንገድ በኩል እንዲደርስ ክዳኑ ከበሩ አጠገብ ሆነ።

ከታንከሩ የሚወጣው ውኃ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ አይገባም። 12 ሜትር ርዝመት ባላቸው ሁለት ጥልቀት የሌላቸው ቦዮች ውስጥ ይሰራጫል። ቦዩ 80 ሳንቲም ነው የሚጠልቀው። ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ ዙሪያው ጠጠር፣ ላዩ ላይ መሸፈኛ፣ ከዚያ አፈር። ሐሳቡ ፍሳሹ በዚያ 20 ደቂቃ በሚፈጀው ደቃቅ አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ነው። ከቦዩ ሥር ገና 80 ሳንቲም ያህል ደቃቅ አፈር አለ። የሣርና የቁጥቋጦ ሥር የሚደርስበት ጥልቀት ስለሆነ ከናይትሮጅኑ የተወሰነውን ተክል ይወስደዋል። ፀሐዩም ከውኃው የድርሻውን ይወስዳል። ናይትሬቱን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ይህን ለቤተሰቡም በግልጽ ተናግሬያለሁ። ከክፍቱ ጉድጓድ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአደጋ ጊዜ ዕርዳታ የሚሠሩ ድርጅቶች የሚከተሉት መለኪያ ማስረጊያ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ታቹም ከከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይጠይቃል። ስንጥቅ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ባለበት ርቀቱ መጨመር እንዳለበትም ያሳስባል። ይህ ደግሞ የእኛው አገር ነው።

ቦዩ ከአዲሱ ቤት መሠረትም ከግንብ አጥሩም እንዲርቅ ተደርጓል። የተሰነጠቀውን ማዕዘን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። የጣሪያው አሸንዳም ውኃውን ግድግዳ ሥር እንዳይደፋ ወደ መንገዱ ቦይ ተመራ። በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ፈሰሰ።

የጓሮው ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እናትየው ሎሚና ማንጎ ተክለው ነበር። ቅጠላቸው ይቢጫል፤ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። "ውኃ አነሰው" ብለው አብዝተው አጠጡ። አልዳነም። ጎረቤት አመድ አድርጉበት አላቸው። አደረጉ። ባሰበት።

ሦስተኛው ጉድጓድ ግማሽ ሜትር ላይ ነጭ ጠንካራ ንጣፍ አገኘ። ዶማው ተንጣጣ። ጥቂት ፈጭተን አቼቶ ጣል ስናደርግበት አረፋ አወጣ። የኖራ ንጣፍ ነው። ከተራራው የሚወርደው ውኃ ኖራ ይዞ ይመጣል፤ ፀሐዩ ውኃውን ሲያተነው ኖራው እዚያው ይቀራል። የድሬ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚፍቀው ነጭ ቅርፊትም ከዚሁ ወገን ነው። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ለተክል ሥር አይሟሟም። ሎሚና ማንጎ ደግሞ ይህን አይችሉም። የቢጫ ቅጠሉ ምክንያት ይህ ነው። አመድ የአፈሩን ኖራማነት ይጨምራል፤ ስለዚህ መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው በሽታውን አባባሰው። ደጋ ላይ አሲድ ለሆነ አፈር ይጠቅም ይሆናል። እዚህ አይሆንም።

ሎሚውን አልነቀልንም። ለአዲሶቹ ግን ጉድጓዱ ሰፋ ተደርጎ ነጩ ንጣፍ በዲጂኖ ተሰበረ። ካልተሰበረ ውኃው ላዩ ላይ ቆሞ ሥሩን ያበሰብሳል። የበሰለ ፍግ በብዛት ገባ። ላዩ በደረቅ ሣር ተሸፈነ። ምርጫውም ተለወጠ፦ ሮማን፣ ተምር፣ ጊሽጣ፣ አንድ ሁመር ለጥላ። ሁመሩ ትልቅ ስለሚሆን ከቤቱም ከቦዩም ርቆ ተተከለ። ከግንብ አጥሩ ሥር መትከል የሚለው ሐሳብም ቀረ። በየቀኑ የሚጠጣ ዛፍ አጥር ሥር ከሆነ አጥሩም እንደ ባኞ ቤቱ ማዕዘን ይሰምጣል። በቦዮቹ ላይ ሣር ብቻ ነው ያለው። ሰላጣና ቆስጣ እዚያ ላይ እንዳይዘራ እናትየውን አደራ ብያለሁ፤ ጥሬ የሚበላ ነገር ከፍሳሽ መሬት ጋር መገናኘት የለበትም።

ቤቱ አሁን ቆርቆሮ ለብሷል። ክረምቱ አንድ ጊዜ አልፎበታል። ጄሶው በሦስቱም ቦታ አልተሰነጠቀም። ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳው የተጠገነው። በቦዮቹ ላይ ውኃ አልታየም፤ ሽታም የለም። ሮማኑ ለምልሟል፣ ጊሽጣው ገና ነው፤ ሎሚው አሁንም እንደ በፊቱ ቢጫ ነው።

ግንበኛው በሌላ ሳይት ላይ ታንከር ሊያሽግ ተነጋግሮ እንደነበረና ባለቤቱ በዋጋው ምክንያት እንደተወው ነገረኝ። ልዩነቱ በሲሚንቶና በፌሮ ነው የሚመጣው፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በየቤቱ ብቻ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የሠፈሩ ሰው በጋራ አንድ ታሽጎ የሚሠራ ታንከር ቢጠቀም ድርሻው ይቀላል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ ባለሙያም ፕላኑ ላይ የተሣለውን ሴፕቲክ ታቹ ሳይሸፈን ወርዶ ቢያየው ብዙ ነገር ይስተካከላል። ወረቀት ላይ ሁሉም ታንከር የታሸገ ነው።

ልጃቸው በቅርቡ ከጅቡቲ ደውሎ አንድ ፎቅ ቢጨመርበት ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሁን ባለን መረጃ አይቻልም አልኩት። የእኛ ጉድጓዶች ከ3 ሜትር አላለፉም። ጠጠሩ ምን ያህል እንደሚወፍርና ከሥሩ ሌላ ልል ደቃቅ አፈር መኖር አለመኖሩን አላየንም። ለምድር ቤት ይበቃል። ለፎቅ ግን በማሽን ተቆፍሮ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ፣ መሐንዲስ ፈርሞበት መምጣት አለበት። ዋጋውን ጠይቆ እንዲነግረኝ ተስማምተናል። እስከዚያ ኮለኖቹ ላይ የተረፈው ፌሮ እንዳይዝግ በቀጭን አርማታ ተሸፍኗል።